ለሣጥኑ የተፈቀደ ቃል

ጉዲቱ ፈይሳ ከባዕድ ቋንቋ አስቀድማ የለየችው ቃል በመጽሐፍ ውስጥ የነበረ አይደለም። አባቷ አቶ ፈይሳ በናዝሬት ባቡር ጣቢያ የዕቃ መጋዘን ጠባቂ ነበሩና፣ ቃሉን ያገኘችው በእንጨት ሣጥኖች ጎን ላይ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነው። የምድር ባቡሩ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበረ ወዛደሮቹ «ፍራዢል» ይሉታል፤ ተሰባሪ ማለት ነው። ከእነርሱ መካከል ፊደል የቆጠረ አልነበረም፤ የዚያን ቃል መልክ ግን እንደ ጎረቤት ፊት ያውቁት ነበር። ቃሉ ያለበት ሣጥን በሁለት እጅ ታቅፎ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ቃሉ የሌለበት ከፉርጎው አፍ ይወረወራል። አቶ ፈይሳ ለልጃቸው የትምህርትን ጥቅም ሲመክሩ ንግግር አያበዙም። «አየሽ፣ ያልተጻፈለት ይወረወራል» ይሏትና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ይህን ምክር ይዛ በሚስዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ተማረች፤ ከዚያም የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሆና እዚያው ናዝሬት ተመደበች። ተማሪዎቿ እስከ ዛሬ የሚያስታውሷት በአንድ ጸባይዋ ነው፤ ሁለት ቃላት ትርጉማቸው አንድ ነው የሚላትን ሰው አትምርም። «አንድ ቢሆኑ ኖሮ አንደኛው ሥራ አጥቶ በረሃብ ይሞት ነበር» ትላለች። ባልዋ በቀይ ሽብሩ ዘመን ከቤቱ ተጠርቶ ወጥቶ አልተመለሰም። ስለ እርሱ ስትናገር «ሞተ» አትልም፣ «ጠፋ»ም አትልም፤ «ተወሰደ» ነው የምትለው፤ ምክንያቱም የወሰደው ሰው ነበረና።

በ፲፱፻፸፩ ዓ.ም. ከልጅነቷ ጀምሮ የዘመረችበት ጸሎት ቤት ታሸገ፤ ወንበሮቹ ሳይነሡ፣ መድረኩ ሳይለወጥ የቀበሌ መሰብሰቢያ አዳራሽ ሆነ። በዚያው አዳራሽ ግራ እጇን አንሥታ እምነቷን እንድታወግዝ ታዘዘች። አላነሣችም። አላሰሯትም፤ ከማስተማር ነቅለው በአዋሽ ዳር ወደሚገኘው የቡርቃ ዲማ የሸንኮራ እርሻ ላኳት፤ በዚያም የክሊኒኩ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነች። ይህ ቅጣት ሳይሆን «ምደባ» ተባለ። ዘመኑ ለእያንዳንዱ በደል ጨዋ ስም የማውጣት ልዩ ተሰጥኦ ነበረው።

ቡርቃ ዲማ ሁለት ዓይነት ውኃ ነበረው። አንደኛው ከአዋሽ ተጠልፎ፣ በፋብሪካው ማጣሪያ አልፎ፣ በቧንቧ ወደ ኃላፊዎች ሠፈር የሚገባው ነው። ሁለተኛው ከምድር ሆድ በሞተር እየተሳበ በሠራተኞቹ ካምፕ ባለው ቦኖ የሚቀዳው የጉድጓድ ውኃ ነው። ጉድጓዱ ሲቆፈር ሪባን ተቆርጧል፣ ተጨብጭቧል፤ ሠራተኛው ከወንዙ ትልና ተስቦ ዳነ ተብሏል። እውነትም ውኃው የጠራ ነበር፤ ሽታም ጣዕምም የለውም። የጠጡት ሰዎች ጥርስ ግን በመጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ሆነ፤ ጫፍ ጫፉም እንደ አሮጌ ገል ይረግፍ ጀመር። የቡርቃ ዲማ ሰው ሲስቅ እጁን ወደ አፉ የሚወስደው ለዚህ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ግን ሲያይ «እንዴት ያሉ ጨዋዎች ናቸው!» ይላል።

ከጥርሱ የባሰው አጥንቱ ነበር። ራህመቶ የተባለው ሸንኮራ ቆራጭ ከከምባታ ሲመጣ ሸክም የሚሸሸው ጎረምሳ ነበር። በአርባ ዓመቱ አንገቱ እንደ ግንድ ደርቆ፣ ወገቡ ጎብጦ ቀረ። ከኋላው ሲጠሩት መላ አካላቱን ይዞ ስለሚዞር ካምፑ «ታንኩ» የሚል ስም አወጣለት።

«ታንክስ አንገቱን ያዞራል» ይሉታል ጓደኞቹ።

«እበልጠዋለኋ!» ይላል ራህመቶ እጁን አፉ ላይ አድርጎ እየሳቀ። «ታንክ የሚያዞረው አፈሙዙን ብቻ ነው፤ እኔ ከነቤተሰቤ ነው የምዞረው!»

ከቆረጣ ሲመለስ አንዲት የመስኖ ቦይ ዘልሎ በመሻገሩ ብቻ የግራ ባቱ ለሁለት ተሰበረ። ገጀራ አልነካውም፣ ከከፍታም አልወደቀም። ጉዲቱ በክሊኒኩ መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ስብራት እየበዛ መሄዱን አየች። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለች ካነበበችው የጤና መጽሐፍ በስምጥ ሸለቆ ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ውኃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ሊበዛበት እንደሚችል፣ ጥርስና አጥንትንም እንደሚያበላሽ ታስታውሳለች። ለሕፃናት ደግሞ ጉዳቱ የሚደርሰው ቋሚ ጥርሳቸው ገና በድዳቸው ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነው። ራህመቶና ሚስቱ ሰሊማ ወርቄ የምትባል ገና ድክ ድክ የምትል ልጅ ነበረቻቸው። ጉዲቱ ሰሊማን ለብቻዋ ጠርታ «ለልጅቷ የጣራ ዝናብ አጠራቅመሽ አጠጫት፤ ከቦኖው ግን አታጠጫት» አለቻት። ሰሊማም ምክንያቱን አጥብቃ ሳትጠይቅ እንደተባለችው አደረገች። የዝናቡ ውኃ ግን የሚበቃው ዝናብ እስካለ ነበር።

በ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. መጋቢት ላይ በካምፑ መግቢያ የብረት ቧንቧ ተከመረ። አዲስ አበባ ያለው መሥሪያ ቤት አንድ የውጭ አገር የአጥንት ሐኪም በሸለቆው ከተሞች እየዞረ ውኃውን እንዲያስመረምር አዝዞ ነበር። የጉድጓዱ ውኃ ጎጂ ሆኖ ከተገኘ ያ ቧንቧ የተጣራውን ውኃ ወደ ካምፑ ያመጣል፤ ጎጂ ካልሆነ ግን ለአሥረኛው የአብዮት በዓል በኃላፊዎች ሠፈር ለሚሠራው ፏፏቴ ይውላል። ነገሩ በስብሰባ ላይ በግልጽ የተነገረ ስለነበር ሠራተኞቹ በክምሩ አጠገብ ሲያልፉ ብረቱን በእጃቸው መታ መታ ያደርጉት ነበር፤ ሊገዙት እንዳሰቡት በሬ።

ለሐኪሙ የሚቀርበውን የክሊኒኩን ሪፖርት በእንግሊዝኛ ያዘጋጀችው ጉዲቱ ናት። የእርሻው የፖለቲካ ተጠሪ ጓድ ነጋሳ አንብቦ አስጠራት። ነጋሳ መሃይም አልነበረም፤ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ የረገጠ፣ እንግሊዝኛውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ይህ መመዝገብ ይኖርበታል፤ በኋላ «ባለማወቅ ነው» የሚል ጠበቃ እንዳይነሣለት። ከወንበሩ በላይ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚል መፈክር ተሰቅሏል።

«ጓድ ጉዲቱ፣ ይህ ‹ብሪትል› ያልሽው ምንድን ነው?»

«የሰዎቹ አጥንት ነው።»

«እኔ የጠየቅሁሽ ቃሉን ነው።»

«ጠንካራ መስሎ፣ ሳይጎብጥ ቀጭ የሚል ማለት ነው።»

«‹ዊክ› ቢባል ምን ይጎድለዋል?»

«እውነቱ ይጎድለዋል። ‹ዊክ› ደካማ ነው፤ ጥፋቱን ለሰውየው ይሰጣል። ጋሽ ራህመቶ ደካማ ሆነው አያውቁም። አምና ኮከብ ሠራተኛ ብለው የሸለሟቸው እርስዎ ራስዎ ነዎት።»

ነጋሳ ፈገግ አለ። «እሺ፣ ‹ፍራጃይል›ስ? የጨዋ ቃል ነው፤ ሣጥን ላይ ሁሉ ይጻፋል።»

«እሱ ለብርጭቆ ነው። ብርጭቆ ሲሠራም ተሰባሪ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ ማንም አይጠየቅበትም። አጥንት ግን እንዲህ ሆኖ አይፈጠርም። ‹ብሪትል› ብሎ ያነበበ ሐኪም ‹ምን አገኘው?› ብሎ መጠየቁ አይቀርም።»

«እኔስ የፈራሁት ምን ሆነና!» አለ ነጋሳ።

ይህን ሲል ድምፁ አልተለወጠም፤ ዓይኑንም አልሰበረም። ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ከተተና «ጴንጤዎች ስትባሉ ለአንድ ቃል አንገታችሁን ትሰጣላችሁ። ለዚህ ነው ቤታችሁ የታሸገው» አላት። ለሐኪሙ የተሰጠው ሪፖርት እንደገና በመኪና የተጻፈ ነበር፤ «ብሪትል» በነበረበት ቦታ ሁሉ «ዊክ» ተቀምጦ ነበር። ጉዲቱ ይህን ስታውቅ በአንድ ነገር ተጽናናች። ቃል ቢለወጥ ውኃው አይለወጥም፤ ምርመራው የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ይናገራል።

ሐኪሙ የመጣው በሚያዝያ፣ ከምሳ በፊት ነው። ረጅም፣ ፀሐይ ያቀላው፣ ጥድፊያ የሚበዛበት ሰው ነበር። ካምፑ ሲደርስ ቦኖው ደርቋል።

«ሞተሩ ዛሬ ጧት ተበላሸ» አለ ነጋሳ በእንግሊዝኛ፣ ከልቡ ያዘነ መስሎ። ሞተሩን ያቆሙት በእርሱ ትእዛዝ እንደሆነ ከሞተረኛው ሚስት ጀምሮ ካምፑ ሁሉ ያውቃል።

ሐኪሙ ወደ ጉዲቱ ዞሮ «ታዲያ ከቤቶቹ በአንዱ ትናንት የተቀዳ ውኃ አይጠፋም» አላት። የነጋሳ ፊት ድንገት አመድ መሰለ። ጉዲቱ ከአምስት ዓመት ወዲህ እንደዚያች ቅጽበት ልቧ በደስታ የመታበትን ጊዜ አታስታውስም። ሐኪሙን ቀጥ አድርጋ ወደ ራህመቶ ቤት ወሰደችው።

ሰሊማ ደጇን ጠርጋ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ራህመቶ በእንጨት ምርኩዝ ተደግፎ እንግዳውን ቆሞ ሊቀበል ሞከረ፤ ሐኪሙ አንገቱን፣ ወገቡን፣ የባቱን ጠባሳ ዳሰሰ። ከዚያ ከቦርሳው የብርጭቆ ጠርሙስ አወጣ።

«የምትጠጡትን ውኃ እንድትሰጡት ይጠይቃል» ብላ ጉዲቱ ተረጎመች።

ሰሊማ በሁለት እጇ እንስራውን አዘንብላ ጠርሙሱን ሞላችለት፤ አስከትላም በጣሳ ቀድታ ለእርሱ አቀረበችለት። ሐኪሙ ለወግ ያህል ቀመሰና ጠርሙሱን ከደነ፤ በሰምም አተመው። ነጋሳ ከበሩ ሥር ቆሞ ያያል። እርሱ በሚሰማበት ሐኪሙ አስረዳ። ከዚህ ወደ ደራና ወደ አሰላ ስለሚያልፍ ጠርሙሱ በእርሻው በኩል በባቡር ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ ውጭ አገር መላክ አለበት። መንገድ ላይ አንዳች ነገር ቢደርስበት በጥቅምት በዚሁ ስለሚመለስ፣ ያን ጊዜ ቦኖው ዘንድ ቆሞ በእጁ ይቀዳል። ይህን ብሎ ጠርሙሱን ለነጋሳ አስረከበና መኪናው ውስጥ ገባ፤ ነጋሳም እየተከተለው ገባ።

ሰሊማ የጉዲቱን ክንድ ያዘች። ፊቷ በርቷል።

«እትዬ፣ አላሳፈርኩዎትም አይደል? ያጠጣሁት የኃላፊዎቹን ውኃ ነው።»

«ምን አልሽ?»

«ወላሂ! የራህመቶ እህት ዙሀራ ሥራ አስኪያጁ ቤት ተቀጥራ ነው ያለችው። ጎህ ሲቀድ በአጥሩ ቀዳዳ አቀበለችኝ። የኛን ደፍቼ፣ እንስራውን በግራዋ አጥቤ ነው የሞላሁት። እንግዳ እስከዚህ መጥቶ ያንን ይጠጣ? ለመንገዱም በጠርሙስ ሲጠይቀኝ ደስ አለኝ፤ ጣፍጦታል ማለት ነው።»

ጉዲቱ መኪናውን አየች። በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር፤ ሞተሩ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር በአፏ ውስጥ ተሟልቶ ተቀምጧል፤ «ይህ ውኃ የእነርሱ አይደለም» የሚል። ግን ከሐኪሙ ጎን እንግሊዝኛ የሚያውቀው ነጋሳ ተቀምጧል። አምና ከኃላፊዎች ቧንቧ አንዲት ባልዲ ስትቀዳ የተያዘች ሴት በኢኮኖሚ አሻጥር ተወንጅላ ታስራለች፤ ስትፈታ በእቅፏ የነበረው ሕፃን አልነበረም። ያን ዓረፍተ ነገር ከተናገረች «ታዲያ ከየት መጣ?» መባሉ አይቀርም። ዙሀራ ትያዛለች፤ ሰሊማም ትከተላለች። ጉዲቱ ዝም አለች፤ መኪናውም አቧራውን አስነሥቶ ሄደ።

በማግስቱ ነጋሳ አስጠራት። ጠርሙሱ ያለበት ሣጥን ተቸንክሮ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡም ቀይ ቀለምና ብሩሽ ነበር። «አድራሻውን በእንግሊዝኛ ጻፊበት። የሚሰበር ዕቃ መሆኑንም» አላት።

አድራሻውን ጻፈች። ከዚያም ብሩሹ በአየር ላይ ቆመ። የባቡር ጣቢያው ወዛደሮች ከአባቷ ዘመን ጀምሮ የሚያውቁት አንድ ቃል ብቻ ነው። እርሱን ብትጽፍ ሣጥኑ በሁለት እጅ ታቅፎ ይሄዳል፤ ውሸቱም ሳይሰበር ይደርሳል። ባትጽፈው ግን ይወረወራል፤ ጥቅምት ላይ ሐኪሙ ቦኖው ዘንድ ይቆማል። ነጋሳ እያያት ነው፤ ባዶውን መተው አይቻልም። በጥንቃቄ፣ በትልልቁ፣ «ብሪትል» ብላ ጻፈች።

ነጋሳ አነበበው። «ጣቢያ ያሉት ሰዎች ይህን ቃል ያውቁታል?»

«መዝገበ ቃላት ያውቀዋል። በቀላሉ የሚሰበር ማለት ነው፤ ስሕተት የለበትም።»

«የለበትም» አለ ነጋሳ ቀስ ብሎ፤ ከዚያም ሳቀ። «ለሣጥን ነው እንጂ ለሰው አይደለም። ለሣጥን ተፈቅዶልሻል።»

ጉዲቱ ያ ሣቅ ምን እንደሆነ የገባት ከደጅ ከወጣች በኋላ ነው። ነጋሳ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የጉድጓዱ ውኃ መስሎታል። እርሱም እንዲሰበር ይፈልጋል። የጠርሙሱ መሰበር ለእርሱ፣ ሐኪሙ በጥቅምት እስኪመለስ፣ በዓሉን በሰላም ማክበር ነው፤ ለእርሷ ደግሞ የወርቄን ጥርስ ማዳን። በቡርቃ ዲማ ምድር እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ነገር የተስማሙት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሣጥኑን ናዝሬት ድረስ ራሷ ወሰደችው። የአባቷ የድሮ ባልደረባ ኑሬ አሁንም ጣቢያው ውስጥ ነበሩ፤ ሸብተዋል፣ ሥራ ግን አልተዉም።

«አካም ጅርታ፣ የፈይሳ ልጅ! ይህች ሣጥን ምን ትላለች? ፍራዢል አይደለችም?»

«አይደለችም፣ አባ ኑሬ።»

«ቀይ ቀለም ለብሳ?»

«ሌላ ቃል ነው።»

«እንግዲያው ክንፍ ታውጣ!» አሉና ፉርጎው ውስጥ ላለው ሰው ወረወሩለት። ሰውዬው አልቀለባትም፤ ሣጥኗ ወለሉ ላይ ወድቃ ጓ አለች። ከኋላ ሌላ ጭነት ተወረወረባት። ጉዲቱ ለአባቷ ነፍስ ይቅርታ እየለመነች፣ ከብዙ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እያንጎራጎረች በሸንኮራ መኪና ተሳፍራ ተመለሰች።

መልሱ የመጣው በነሐሴ መጨረሻ ነው። ነጋሳ ሠራተኛውን በአዳራሽ ሰብስቦ በአማርኛ አነበበው። ጠርሙሱ በመልካም ሁኔታ ደርሷል። ውኃው በሸለቆው ውስጥ ከተመረመረው ሁሉ የተሻለ ነው። የሠራተኞቹ የአጥንት ድካም ከከባድ ሥራና ከምግብ ማነስ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ የጥርሳቸውም መበላሸት ከመጡበት አገር ይዘውት የመጡት ይመስላል፤ ክሊኒኩም በሪፖርቱ ‹ዊክ› ማለቱ ከዚህ ጋር ይስማማል። ስለዚህ ሐኪሙ በጥቅምት በቡርቃ ዲማ መቆም አያስፈልገውም። ነጋሳ «በመልካም ሁኔታ ደርሷል» የሚለውን ሲያነብ ምላሱ ትንሽ ተያዘ፤ የቀረውን ሲያነብ ግን ዓይኑ በግርምት ፈጠጠ። ያልጠበቀውን ሎተሪ ያገኘ ሰው ዕጣውን ከየት እንዳመጡት አይጠይቅም። እርሱም አልጠየቀም።

ቧንቧው በዚያው ሳምንት ተነሣ። የጫኑት እነዚያው በእጃቸው መታ መታ ያደርጉት የነበሩት ሰዎች ናቸው፤ «የበዓል ዘመቻ» ተብሎ። በመስከረም ሁለት ፏፏቴው በኃላፊዎች ሠፈር መካከል ወደ ሰማይ ተረጨ። ጉዲቱ መፈክር ስትተረጉም ከረመችና የበዓሉ ግርግር እስኪያልፍ ወደ ካምፑ መውረድ አልቻለችም። መስቀል ካለፈ በኋላ ስትሄድ ሰሊማ ከደጇ ላይ እንቁላል በቅርጫት ስትደረድር አገኘቻት። ሰሊማ ዶሮ ታረባ ነበር፤ እንቁላሏን በሸንኮራ መኪና ወደ ናዝሬት ገበያ ትልካለች። መንገዱ የተቦዳደሰ ቢሆንም የሰሊማ እንቁላል ተሰበረ ሲባል ተሰምቶ አይታወቅም።

«እትዬ! ያ የእንግዳው ጠርሙስ በደኅና ደረሰ አሉ፣ እውነት ነው?»

«ደርሷል።»

«መድረሱ ይቀራል? እኔ ነኛ የጠቀለልኩት! ጎረቤታችን አናጢው ሣጥኑን ሲያበጅ ባዶ ጣውላ ላይ ሊያስቀምጠው ነበር እኮ። ‹አንተ ሰው፣ እንግዳው ውኃውን ጥሎት ሄዶ ተከትሎት የሚላክ ነገር እንዲህ ይደረጋል?› አልኩና እንደ እንቁላሌ በጤፍ ጭድ ጠቅጥቄ፣ ከላይም የነጠላዬን ቅዳጅ አልብሼ ሰጠሁት። እንኳን ባቡር፣ አውሮፕላን ቢወድቅበት አይሰበርም።»

ጉዲቱ በበርጩማው ላይ ተቀመጠች። ወርቄ ከጓዳ ባዶ ጣሳ ይዛ እየተንገዳገደች ወጣች።

«ልጅቷን አሁንም የዝናቡን ነው የምታጠጫት?»

«ተውኩት እንጂ። ዶክተሩ የኛን ውኃ መርምሮ ‹ከሁሉ ይበልጣል› ብሎ የለም? እትዬ፣ አይቀየሙኝ፤ እርስዎም ብዙ ያውቃሉ፤ እሱ ግን መሣሪያ አለው።»

ይህን የሰማ ሰው ጥፋቱን በሰሊማ ላይ ለማሳረፍ ይቸኩል ይሆናል። ይህ ደግሞ እነ ነጋሳ ከሚፈልጉት አንዱ ነው። ስለዚህ ነገሩ በየተራው ይቀመጥ። ሞተሩን ያቆመች ሰሊማ አይደለችም። ቃሉን የለወጠች ሰሊማ አይደለችም። ንጹሕ ውኃ በአጥር ቀዳዳ የሚገባ ኮንትሮባንድ እንዲሆን ያደረገች፣ ድኻ ሴት እንግዳዋን ለማክበር የራሷ ያልሆነ ውኃ ለመስረቅ እንድትገደድ የፈረደች ሰሊማ አይደለችም። ሰሊማ በዚያ ዓመት በቡርቃ ዲማ የእጇን ሥራ ያላበላሸች ብቸኛ ሰው ናት። የጠፋችውም በዚሁ ነው።

ጉዲቱ ዝም ብላ መሄድ ትችል ነበር። ልጅቷ ግን ጣሳውን ይዛ ቆማለች።

«ሰሊማ፣ ሐኪሙ ያን ጠርሙስ የጠየቀሽ ሊጠጣው አልነበረም። የተመረመረው እሱ ነው። የኃላፊዎቹ ውኃ የናንተ ነው ተብሎ ተመረመረ። እኔም ሳልነግርሽ ጠርሙሱን ጣቢያ ወሰድኩት። በመጀመሪያም ለምን እንደሚፈልገው አስረድቼሽ መተርጐም ነበረብኝ፤ ቃሉን ብቻ ተረጎምኩ።»

ሰሊማ ወዲያው አልገባትም። ሲገባት እጇን ወደ አፏ ወሰደች፤ የቡርቃ ዲማ ሰው ሲስቅ እንደሚያደርገው፤ እርሷ ግን አልሳቀችም። ራህመቶ ከውስጥ ሁሉንም ሰምቶ ኖሮ በምርኩዙ እየተራመደ መጥቶ መላ አካላቱን ወደ ሚስቱ አዞረ። ሊቆጣት የመጣ መስሎ ነበር። ሲያያት ግን ተወው።

«ታዲያ እትዬ» አለች ሰሊማ በመጨረሻ፣ ድምፅዋ እንደ ጠያቂ ልጅ ድምፅ ሆኖ፣ «ለእንግዳ ክፉ ውኃ ልስጥ ኖሯል?»



ወርቄ ጣሳዋን ዘርግታ «እማ፣ ውኃ» አለች። ሰሊማ የዝናብ ማጠራቀሚያውን በርሜል ዘንበል አድርጋ አየችው፤ ደርቋል። ወደ ሰማይ ቀና አለች፤ ጠርቷል፤ ከእንግዲህ እስከ በልግ የሚዘንብ ነገር የለም። ከኃላፊዎች ሠፈር በኩል የፏፏቴው ድምፅ ይሰማ ነበር። ልጅቷ ደግማ ጠየቀች።

ሰሊማ ከቦኖው በቀዳችው እንስራ ጣሳውን ሞላችና ሰጠቻት።